አሥራ አንድ ቤት የለቀቀችው ሚስቴ

የሥራ ባልደረቦቿ ሚስቴን «ሻንጣ» ነው የሚሏት። መጀመሪያ ስሰማ ደሜ ፈልቶ ነበር። ሰው ሚስቱ በዕቃ ስም ስትጠራ ዝም ማለት የለበትም ብዬ አለቃዋን ላፋጥጥ እስከ መሥሪያ ቤቷ ድረስ ሄድኩ። እሷው ራሷ ከበር ላይ መለሰችኝ። ስሙ የክብር ስም ነው፣ እንዳታዋርደኝ አለችኝ። በኋላ ሥራዋን ሳይ ነገሩ ገባኝ።

የምትሠራው የቤት ዕቃ በሚያጓጉዝ ድርጅት ውስጥ ነው። ሰው ቤት ሲቀይር ይደውልላቸዋል። እነሱ መጥተው ይጠቀልላሉ፣ ይጭናሉ፣ አዲሱ ቤት ወስደው ይፈታሉ። ጠቅላዮች አሉ፣ ጫኞች አሉ፣ ፈቺዎች አሉ። እሷ የጠቅላዮቹ ቁንጮ ናት። ክፍሉ በር ላይ ትቆምና ዐይኗን አንዴ ዙሪያውን አዙራ «ሃያ ሁለት ካርቶን፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ሦስት የማሸጊያ ስኮች» ትላለች። ሃያ ሁለት ካርቶን ይሆናል። ሃያ ሦስት የሆነበት አንድ ቀን ነበር። ሲጣራ የቤቱ ጌታ ከሚስቱ ደብቆ አልጋ ሥር ያከማቸው ጠርሙስ ተገኘ። የሳተው እሱ እንጂ እሷ አይደለችም።

ሳህን በጀርባው አይተኛም፣ በጠርዙ ይቆማል ትላለች። መጽሐፍ በትንሽ ካርቶን፣ ትራስ በትልቅ ካርቶን። የአልጋ ብሎን ካልሲ ውስጥ ገብቶ፣ ካልሲው ተቋጥሮ፣ እዚያው አልጋው እግር ላይ ይታሰራል። በአሥራ አምስት ዓመት አንድ ብርጭቆ አልሰበረችም። እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። በዚያው ጊዜ ውስጥ ሦስት መስኮት፣ አንድ የጣሪያ መብራት፣ አንድ ጊዜም የገዛ ክንዴን ሰብሬአለሁ።

ሙያውን ያስተማራት ድርጅት የለም። ተምራ ነው የገባችው። አማቴ የሰው ልብስ እያጠበች ነበር ብቻዋን የምታሳድጋት። ልብስ የሚያሳጥብ ሲበዛ ኪራይ ይከፈላል፤ ዝናብ ሲበዛ ልብሱም አይደርቅ፣ ኪራዩም አይከፈል። ታዲያ ሚስቴ ከአምስት ዓመቷ እስከ አሥራ አራት ዓመቷ ባለው ጊዜ አሥራ አንድ ቤት ለቃለች። እናትና ልጅ ሲያወጉ ዘመን የሚቆጥሩት በዓመተ ምሕረት አይደለም። «ኩፍኝ የያዘሽ ጊዜ እኮ የውሻው ቤት ሳለን ነው» ይባባላሉ። የውሻው ቤት አለ፣ ጣሪያው የሚያፈሰው ቤት አለ፣ የሁለት ቀኑ ቤት አለ። የሁለት ቀኑ ቤት አከራይ ሐሳቡን የቀየረው ገና አንድ ሻማ እንኳ ሳይጨርሱ ነበር።

አማቴ አንድ ሕግ ነበራት። አራት ጥቅል ውስጥ የማይገባ ነገር የኛ አይደለም። ሚስቴ በሰባት ዓመቷ ብርድ ልብስ ዘርግታ፣ ማንቆርቆሪያውን በድስቱ ውስጥ፣ ድስቱን በባልዲው ውስጥ ከታ፣ አራቱን ጫፍ ቋጥራ መቀመጥ ትችል ነበር። ትምህርት ግን ሰባት ትምህርት ቤት ገብታ አራተኛ ክፍል ላይ ቀረች። መደመርን አራት ጊዜ ተምራለች። ማካፈል የሚባለውን ግን አንድም ቦታ አላገኘችውም፤ አስተማሪው ነገ እንጀምራለን ሲል እነሱ ዛሬ ይለቃሉ።

እኛ አሁን ያለንበት ቤት ከገባን አሥር ዓመት አልፎናል። ኪራያችንን አንድም ወር አሳልፈን አናውቅም። እኔ ሥራ አልፈታም፣ እሷም አትፈታም። ግን እስከ አምና ድረስ ቤታችን ገብቶ ያየ ሰው ትናንት የመጣን ወይ ነገ የምንሄድ ነበር የሚመስለው። ልብሳችን በጥቅል፣ ዕቃችን በጥቅል። ለሠርጋችን ቁም ሳጥን ገዝቼ፣ በገዛ እጄ ሁለት ጊዜ ቀብቼ አስገብቼ ነበር። በጣም ወደደችው። ጥቅሎቹን ላዩ ላይ ደረደረችበት። ውስጡ የነበረው የቀለም ሽታ ብቻ ነው።

እንግዳ ሲመጣ ስኒዎቹ ከጋዜጣ ይፈታሉ፣ ሻይ ይቀዳል፣ እንግዳው የመጨረሻዋን ጉንጭ ሳይውጥ ስኒው ከእጁ ይወሰዳል፣ ይታጠባል፣ ይጠቀለላል። የአክስቴ ልጅ አንድ ጊዜ መጥቶ፣ እየተባረረ መስሎት ጃኬቱን እንኳ ሳይዝ ወጥቶ ሄዷል። ጃኬቱን ጠቅልላ ላከችለት።

በር ሲንኳኳ ደግሞ ሌላ ነው። እኔ ተነስቼ እስክከፍት ሦስት ጥቅል በሩ አጠገብ ተሰልፎ ይጠብቀኛል። ምን እንዳደረገች እንኳ አታውቅም፤ እጇ ነው የሚሠራው። የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ በየወሩ እየመጣ «ልትለቁ ነው እንዴ?» ይለን ነበር። ሦስት ዓመት ከጠየቀ በኋላ ተወው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ጽፎ ሲጨርስ «መልካም ጉዞ» ብሎን ይሄድ ጀመር።

እኔ ለምጄው ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ብዬ ተውኳት። ማንን ይጎዳል? ሸሚዜን ለማግኘት አምስት ጥቅል መፍታት አለብኝ እንጂ ሌላ ጉዳት አላየሁበትም። የማላየው እኔ ነበርኩ።

አንዲት ሴት ልጅ አለችን፤ ሚጢጢ ነው የምንላት። ባለፈው ዓመት ሰባት ዓመቷ ነበር፣ አንደኛ ክፍል ነበረች። ትምህርት ሊዘጋ ሦስት ወር ሲቀረው፣ መምህሯ ወላጅ ይምጣ ብላ ላከች። ሚስቴ ሥራ ላይ ስለነበረች ቀለም እንደነካካኝ እኔ ሄድኩ። መምህሯ ገና ወጣት፣ ቃል መርጣ የምትናገር ሴት ናት። ልጅዎ ቦርሳዋን ከጀርባዋ አውርዳ አታውቅም አለችኝ። ሙሉ ቀን ተሸክማው ነው የምትውለው። አግዳሚው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ፊቷን ወደ ሰሌዳው ሳይሆን ወደ በሩ ታዞራለች። በሩ ሲከፈት ደብተርና እርሳስ ቦርሳ ውስጥ ገብተው ያልቃሉ። ፊደል ግን አልያዘችም። ዛሬ ያወቀችው ነገ የለም። በዚህ ከቀጠለች በሚመጣው ዓመት ከሕፃናቱ ጋር ትደግማለች። «ምናልባት ጭንቅላቷ...» ብላ ጀመረችና ፊቴን ስታይ ተወችው።

ከዚያ ደግሞ በመገረም አንድ ነገር ነገረችኝ። ክፍሉ ሊቀባ ነበርና ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ማውጣት ነበረባቸው። ሚጢጢ ብቻዋን በዘጠኝ ደቂቃ ጠቅልላ ጨረሰች። መጻፍ ስለማትችል በየካርቶኑ ላይ ውስጡ ያለውን ነገር ሥዕል ሣለችበት። ጠመኔው ጋ ጠመኔ፣ ኳሱ ጋ ኳስ። እኔም ይህን የምታደርግ ልጅ ጭንቅላቷ ምን ይሁን ብለሽ ነው ብዬ ልቆጣ አልኩና፣ መምህሯም ግራ ገብቷት እንደምትጠይቀኝ ስላየሁ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ልጄን ጠየቅኋት። ቦርሳሽን ለምን አታወርጂም?

«ከመጡስ?» አለችኝ።

«እነማን?»

ትከሻዋን ሰበቀች። «እኔ ምን አውቄ። የሚመጡት ናቸዋ።»

እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደንግጬ አላውቅም። ልጄ ተርባ አታውቅም፣ ተባርራ አታውቅም፣ የተወለደችበት ቤት ውስጥ ነው እስከዛሬ የምትተኛው። ያላየችው እባብ ነው የነከሳት።

ማታ ራት ላይ ነገሩን ሳነሳ ሚስቴ በኩራት አወራችኝ። ለካ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እኔ ሰው ቤት ግድግዳ ላይ ስንጠለጠል፣ እነሱ ይለማመዳሉ። እናት ጠረጴዛውን ታንኳኳለች፤ ልጅ ጥቅሏን ትጠቀልላለች፤ በሰዓት ይያዛል። ሁለት ደቂቃ ተኩል ደርሳለች አለችኝ፣ ፊቷ በርቶ። እኔ በሷ ዕድሜ አራት ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር አለች። ሚስቴ ላይ ጮኼ አላውቅም፤ ያን ቀን ጮህኩ። ልጅቷን ምን እያደረግሻት ነው አልኳት። እሷ ግን አልጮኸችም።

«እኔን ሳልዘጋጅ ነው የያዘኝ» አለች። «እሷን እንዳይዛት ነው።»

ሾርባዬን ጠጣሁ።

በዚያው ሳምንት ነው የአንዲት ዶክተር ቤት እንድትጠቀልል የተላከችው። ዶክተሯ የልጆችን አእምሮ የሚያጠኑ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሴትዮ ናቸው። አርባ ዘጠኝ ካርቶን ብላ ገመተች፤ ሠላሳ አንዱ መጽሐፍ ነበር። ጠረጴዛቸው ላይ ከፕላስቲክ የተሠራ የሰው አንጎል ተቀምጧል፤ ለማስተማሪያ ነው፣ እየተፈታ ይገጠማል። ሚስቴ እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻው በጋዜጣ ጠቅልላ፣ እንደ እንቁላል ደርድራ አሸገችው።

ማታ እኔ ሾርባ ልሠራ ባቄላ ስለቅም ጠረጴዛው ላይ አንድ ፍሬ ቀርቶ አየሁ። አንስቼ ድስቱ ውስጥ ጣልኩት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሚስቴ ሽርጧን አገላብጣ ስትበረብር፣ ኪሷ ውስጥ የነበረውንና ጠረጴዛው ላይ ያኖረችውን ነገር አይቼ እንደሆን ጠየቀችኝ። የባቄላ ያህል ናት አለችኝ። ከአንጎሉ የወጣች ቁራጭ ናት፣ ካርቶኑ ከታሸገ በኋላ ወለል ላይ አገኘኋት አለች። ሁለታችንም ዞር ብለን ድስቱን አየነው።

በጭልፋ አወጣናት። ደህና ናት፣ ትንሽ ሾርባ ሾርባ ትሸታለች እንጂ። ሚስቴ ግን ዐይኗ እንባ አቀረረ። በአሥራ አምስት ዓመት ከደንበኛ ቤት የጎደለ የመጀመሪያው ዕቃ ነው። በማግሥቱ ይዛ ልትመልስ ስትነሳ፣ ቀቃዩ እኔ ነኝና አብሬ ሄድኩ።

ዶክተሯ አዲሱ ቤታቸው ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። የሆነውን ስንነግራቸው ቁራጯን ተቀብለው አሸተቷት፣ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ብዙ ነገር ሠርተውባታል፣ የቀቀላት ግን የለም አሉ። ሚስቴ ጨርሶ አልሳቀችም። ይቺ ለመሆኑ የምን ቁራጭ ናት ብላ ጠየቀች።

ዶክተሯም እንዲህ ሲሉ አስረዱን። ይቺ ዘበኛ ናት። በሁላችንም ጭንቅላት ውስጥ ቀኝና ግራ ሁለት አሉ፤ ሥራቸው አደጋ ሲመጣ ቀድመው ማወቅና መጮህ ነው። ጠግቦ፣ ተረጋግቶ የሚያድግ ልጅ ዘበኛው አንዳንዴ ይጮኻል፣ ሲያልፍ ያርፋል። በችግር፣ በመባረር፣ በጠብ መሐል የሚያድግ ልጅ ግን ዘበኛው ማረፍ ይተዋል። ኮቴ ሲሰማ ይጮኻል፣ በር ሲከፈት ይጮኻል። ትምህርት የሚይዘው ክፍል፣ ነገን የሚያቅደው ክፍል ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት፣ ብዙ ዓመት ይፈልጋሉ፣ ጸጥታም ይፈልጋሉ። ዘበኛው ቀን ከሌት ሲጮህባቸው ሥራቸውን በወጉ መሥራት ያቅታቸዋል። ልጁ ሰነፍ ነው ይባላል። ሰነፍ አይደለም፤ ሌላ ሥራ ይዞ ነው።

ሚስቴ በጥሞና ሰማች። እኔ ጎን ለጎን ቆሜ መደመርን አራት ጊዜ የተማረችውን ልጅ አሰብኳት። እሷ ያሰበችው ግን ስለ ራሷ አልነበረም።

«ዶክተር፣ ይሄ ነገር የሚጋባ ነው?» አለች።

ስለ ማን እንደምትጠይቅ የገባቸው ይመስለኛል። እንደ ጉንፋን አይጋባም አሉ። «ግን ልጅ ፊደል ከማንበቡ በፊት የእናቱን ፊት ነው የሚያነበው። ፊትሽ ላይ ይመጣሉ የሚል ካለ፣ ይመጣሉ ብሎ ያምናል።»

እኔ መሐል ገብቼ ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፣ በቃ አለቀላት ማለት ነው ወይ አልኩ። እሳቸው የወረቀቱን እንጃ አሉኝ፤ ልጅ ግን ሌላ የሚይዘው ነገር ከተሰጠው ይለቃል። ልጃችን ሰባት፣ ሚስቴ ሠላሳ ስምንት ዓመታቸው ነው ስላቸው፣ የሰባት ዓመት ልጅ አእምሮ ገና ግንባታ ላይ ነው አሉ። የሠላሳ ስምንትም ቢሆን ጨርሶ አልተዘጋም። መድኃኒቱ ምንድን ነው፣ በቀን ስንት ጊዜ ነው ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ወረቀት ላይ እንዲጽፉልኝ እስኪርብቶ ሁሉ አቀበልኳቸው። ክኒን የለውም አሉ። በየቀኑ የማይለዋወጥ ነገር፣ በየቦታው የሚቀመጥ ዕቃ፣ ከጎኗም አንድ የተረጋጋ አዋቂ ሰው። ሚስቴ እኔን አየችኝ። እኔም እሷን አየኋት። ያ የተረጋጋ አዋቂ ከሁለታችን ማንኛችን እንደሆነ እየፈለግን ነበር።

እሑድ ዕለት ሚስቴ ለመፍታት ተቀመጠች። ስኒዎቹን አወጣች፣ መደርደሪያ ላይ አሰለፈች፣ ወደኋላ ሄዳ አየቻቸው። እኔ እጄን ታጥቤ እስክመለስ ጠቅልላቸዋለች። እንደገና ፈታች። እንደገና ጠቀለለች። ሦስት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ስትሆን ዋለች። በመጨረሻ ወለሉ ላይ እግሯን ዘርግታ፣ እኔ እኮ መፍታት አይቼ አላውቅም አለችኝ። እውነቷን ነው። ሥራ ቦታ ጠቅላዮቹ የሚመለሱት ፈቺዎቹ ሳይጀምሩ ነው። በልጅነቷም ጥቅሉ የሚፈታው ለሚያስፈልገው ያህል ብቻ ነበር። ይህች ሴት በአሥራ አምስት ዓመት የስንት ሰው ቤት ጠቅልላ አንድም ሰው አዲስ ቤት ውስጥ ሲደላደል አላየችም።

ስለዚህ የመሥሪያ ቤቷን ፈቺዎች ጠራች። ልጆቹ ለሻንጣ ከሆነ በነፃ ነው ብለው ቅዳሜ ጠዋት መጡ። የመጡት ግን በድርጅቱ ትልቅ መኪና ነበር፤ ጎኑ ላይ ቤት ሲቀይሩ እኛን ያስቡ የሚል ተጽፎበታል። በሩብ ሰዓት ውስጥ ሰፈሩ በራችን ላይ ተሰበሰበ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም እንኳ አትለኝም ነበር። ጫማ ሠሪው የተዋሰኝን መሰላል ራሱ ተሸክሞ መለሰልኝ። መሄዳችን እንዲህ ሰው የሚያስተካክል ከሆነ ብዬ ዝም አልኩ፣ መሰላሉን አስገብቼ ነው አንሄድም ያልኩት። ያን ጊዜ ደግሞ የሚያምነኝ ጠፋ።

ውስጥ ፈቺዎቹ ግማሽ ያህል አድርሰዋል። ሚስቴ መሐል ቆማ፣ እጇን ብብቷ ሥር ቀብራ፣ ይህን የት እናድርገው ሲሏት እንደ ተማሪ አስባ ትመልሳለች። ሚጢጢ ጥግ ላይ ቦርሳዋን እንደተሸከመች ታያታለች።

በሩ ተንኳኳ። እንደ ጎረቤት አይደለም፤ በዱላ ጫፍ ነው፣ ሦስት ጊዜ።

አከራያችን ናቸው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ በአሥር ዓመት አንድም ቀን ቤታችን ድረስ መጥተው የማያውቁት ሽማግሌ ያን ቀን መጡ። እኔ ሚስቴን አየሁ። ፊቷ ዐመድ መስሏል። እጇ ከብብቷ ወጥቶ አጠገቧ ያለውን ብርድ ልብስ ጫፍ ይዟል። ሚጢጢ ማንቆርቆሪያውን ድስት ውስጥ ከታ፣ ድስቱን አቅፋ፣ ከእናቷ ጎን ቆማለች። ልጅቷ በሩን አታይም ነበር። እናቷን ነበር የምታየው።

እኔ በሩን ከፈትኩ። ሽማግሌው ደረጃውን ሮጠው ነው መሰለኝ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ባርኔጣቸውን አውልቀው ሚስቴ ፊት ቆሙ።

«ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?» አሉ። «ጣሪያው ነው? ጣሪያውን አሠራዋለሁ። አሥር ዓመት አብረን ኖረን እንዴት ሳትነግሩኝ ትለቃላችሁ?»

ሚስቴ አሥራ አንድ አከራይ አይታለች፤ ምን አጠፋሁ ያላት አንድም የለም። ፈቺዎቹ ጋዜጣ እንደያዙ ቆመዋል፣ ልብስ ሰፊዋ በር ላይ አንገቷን አስግጋለች። ሚስቴ ዝቅ ብላ ልጇን አየች። ጣቶቿ አንድ በአንድ ብርድ ልብሱን ሲለቁት አየሁ፤ ከባድ ዕቃ የማውረድ ያህል ነበር።

«አንለቅም ጋሼ» አለች። «እየገባን ነው።»

ሽማግሌው አንዴ እኔን፣ አንዴ ካርቶኑን አዩ። «ከአሥር ዓመት በኋላ?»

«አዎ። ትንሽ ዘገየን።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ብናገር ጉራ ይሆንብኛል። አንድም ነገር ግን በአንድ ቀን አልተለወጠም። በዚያው ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ከሥራ ስገባ ስኒዎቹ ተጠቅልለው አግኝቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሚስቴ እንደ ሌባ አፍራ ራሷ ፈታቻቸው። በር ሲንኳኳ እሷ ወንበር ይዛ ትቀመጣለች፣ እስከ አሥር ትቆጥራለች፣ እኔና ሚጢጢ እንከፍታለን። ቆጣሪ አንባቢው ሰውዬ የተደረደረ ስኒ ሲያይ ቤት የተሳሳተ መስሎት ይቅርታ ጠይቆ ወጥቶ ነበር። የቅዳሜው ልምምድም ቀረ። በምትኩ ከስኒዎቹ የወጣው ጋዜጣ ወለሉ ላይ ይዘረጋና እናትና ልጅ በሆዳቸው ተኝተው ፊደል ይለቅማሉ። አንድ ቅዳሜ ሚጢጢ እየተንደረደረች መጥታ፣ አረንጓዴ ለባሾቹ ሁለት ለአንድ አሸነፉ ብላ አበሠረችኝ። ጨዋታው ከስምንት ዓመት በፊት የተደረገ ነው። ቡድኑም ፈርሷል። እኔ ግን ያን ያህል የተደሰትኩበት ጨዋታ የለም።

ዓመቱ መጨረሻ ላይ ከአርባ አንድ ተማሪ ሃያ ዘጠነኛ ወጥታ አለፈች። የቀለም ደንበኞቼ ልጄ ሃያ ዘጠነኛ ወጣች ብዬ ስኩራራባቸው ምን እንደሚሉኝ ይጠፋቸው ነበር። አንዱማ አይዞህ አለኝ።

ሁለተኛ ክፍል በጀመረች በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው። ሰዓቱ ሄዷል፣ ልጅቷ ለብሳለች፣ ሻይዋን ጠጥታለች፣ አንድ እግር ጫማ የለም። ቀኙ አለ፣ ግራው የለም። ሚስቴ አልጋ ሥር ገባች፣ ምንጣፍ ገለበጠች፣ የቆሻሻውን ባልዲ ሳይቀር አየች። በዚህ ቤት ነገር ጠፍቶ አያውቅም። ጨለማ ውስጥ መርፌ አምጪ ብትባል የምታመጣ ሴት ናት፤ የአንድ ጫማ መጥፋት ግራ አጋብቷት ወዲያ ወዲህ ትላለች። ድምፅዋ እየቀጠነ መጣ። የት አደረግሽው፣ አስታውሺ፣ የት አደረግሽው ትላለች።

ሚጢጢ ወንበር ላይ ተቀምጣ ባዶ እግሯን ታወዛውዛለች። ዳቦ እያኘከች ነው።

«እኔንጃ እማ» አለች። «የት ይሄዳል? ቤታችን ውስጥ ነው።»

ሚስቴ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ምንጣፉ በተገለበጠበት ወለል ላይ ቁጭ አለች። እያለቀሰች ነው ብዬ ስጠጋ እየሳቀች ነበር፤ ጠጋ ብዬ ሳይ ደግሞ ሁለቱንም ነበረች። ልጃችን በአንድ እግሯ ጫማ፣ በሌላው ሰንደል አድርጋ፣ አርፍዳ፣ እየዘፈነች ወጣች።

«ምን እንዳለች ሰማህ?» አለችኝ ሚስቴ።

«ሰማሁ» ብያት አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።